ቅቤ የፈታው ሽፋሽፍት

እኔ አፍ አዋጣለሁ፤ እናንተ ጆሮ አዋጡ። አዋጣችሁ? እሰይ፣ ጀመርን።

ቡሬ ከተማ ውስጥ ስመኝ የምትባል ልጅ ነበረች። ዓምና ክፉ ትኩሳት ያዛትና ነፍሷን ትቶላት ሽፋሽፍቷን ይዞ ሄደ። መልሶ ሲበቅልም እንደ ታጨደ ማሳ አጭርና ስስ ሆነ። ከዚያ ወዲህ ስመኝ አንገቷን ደፋች። የገዛ እናቷን የወይዘሮ አንጓችን ፊት እንኳ ቀና ብላ አላየችም። አሁን ልትዳር ነው። የምትፈልገውም አንድ ነገር ብቻ ነበር፤ በሠርጓ ቀን ቀና ብላ መውጣት።

ሽፋሽፍት የምትቀጥለዋ ያለምዘውድ በዋዜማው መጣች። ስመኝን አስተኛች፣ ዓይኗን አስጨፈነች፣ በወረንጦ አንዲት ፀጉር እያነሣች፣ ሙጫ እያስነካች፣ አንድ በአንድ ቀጠለችላት። ከትንፋሽ የቀለለ ፀጉር፣ ከጤፍ ያነሰ ሙጫ! አጃኢብ ነው፣ የሰው እጅ ይህን ይችላል? ስትጨርስ እንዲህ ብላ አስጠነቀቀች፦

"ጠዋት ጠዋት በዚች ብሩሽ አበጥሪው። እንዳታሺው። በደረትሽ እንዳትተኚ። ዘይት የሚባል ነገር ደግሞ አጠገቡ እንዳይደርስ!"

ወይዘሮ አንጓች ጓዳ ሆነው ሰሙ። ዘይት አይደለም? በጄ፣ ዘይት አላስነካም አሉ። በማግስቱ ጠዋት ግን ሙሽራ አናቷ ደርቆ ትወጣለች እንዴ? ለጋ ቅቤ በመዳፋቸው ሙሉ አነሡና እየመረቁ አናቷ ላይ ለደፉላት። ፀሐይ ወጣች። ቅቤው ቀለጠ። በግንባሯ ወረደ፣ ዓይኗ ላይ ደረሰ። ሽፋሽፍቱም ጠብ፣ ጠብ፣ ጠብ! ስመኝ ቀና ልትል ስትል መልሳ አንገቷን ደፋች።

"ምነው እትዬ አንጓች! ዘይት አይንካው አላልኩም?" አለች ያለምዘውድ፣ ሮጣ ስትደርስ።

"ዘይት መቼ ነካው? ቅቤ እኮ ነው!" አሉ እሳቸው።

ምን ይባላል? ያለምዘውድ ሽፋሽፍቱን "ና፣ ቁም" አለችው። "ሙጫው ካልያዘኝ አልቆምም" አላት። ሙጫውን "በል ያዘው" አለችው። "ቅቤው ካልወረደ አልይዝም" አላት። ቅቤውን "ውረድ እንጂ" አለችው። ቅቤው ኮራ ብሎ "እኔ የእናት ምርቃት ነኝ፤ አረፋው ካላጠበኝ ንቅንቅ አልልም" አላት።

ወደ አረፋው ሄደች። "አረፋ፣ አረፋ፣ ቅቤውን እጠብ። ቅቤው አልወርድም አለ፣ ሙጫው አልይዝም አለ፣ ሽፋሽፍቱ አልቆምም አለ፣ ስመኝ ቀና አልልም አለች።" አረፋውም "ውኃ ሳይኖር በምን ልነሣ?" አላት። እውነቱን ነው፤ የቧንቧው ውኃ ከጠፋ ሰንብቷል። ያለው ውኃ ጓሮ በተቆለፈው በርሜል ውስጥ ነው።

ወደ ውኃው ሄደች። "ውኃ፣ ውኃ፣ አረፋውን አስነሣ። አረፋው አልነሣም አለ፣ ቅቤው አልወርድም አለ፣ ሙጫው አልይዝም አለ፣ ሽፋሽፍቱ አልቆምም አለ፣ ስመኝ ቀና አልልም አለች።" ውኃውም ከበርሜሉ ሆድ ውስጥ "ቁልፉ ካልከፈተኝ በየት ልውጣ?" አላት።

ቁልፉስ የት ነው? ወይዘሮ አንጓች አንገት ላይ፣ ከማተባቸው ጋር ተንጠልጥሏል። "ቁልፍ፣ ቁልፍ፣ በርሜሉን ክፈት። ውኃው አልወጣም አለ፣ አረፋው አልነሣም አለ፣ ቅቤው አልወርድም አለ፣ ሙጫው አልይዝም አለ፣ ሽፋሽፍቱ አልቆምም አለ፣ ስመኝ ቀና አልልም አለች።" ቁልፉም "እናትየው ካልፈቱኝ እኔ ምን አቅም አለኝ?" አላት።

"እትዬ አንጓች፣ በሞቴ፣ ቁልፉን ይፍቱት! ቁልፉ አልከፍትም አለ፣ ውኃው አልወጣም አለ፣ አረፋው አልነሣም አለ፣ ቅቤው አልወርድም አለ፣ ሙጫው አልይዝም አለ፣ ሽፋሽፍቱ አልቆምም አለ፣ ስመኝ ቀና አልልም አለች።"

ወይዘሮ አንጓች ቁልፉን ጨበጡት። "ዓመት ሙሉ ልጄ ፊት ነሳችኝ" አሉ። "ዛሬ ደግሞ ምርቃቴን አጥባ ልትሄድብኝ ነው? አንድ ጊዜ ቀና ብላ ትየኝ። ከዚያ በኋላ በርሜሉን ሙሉ ትድፋው።"

ያለምዘውድ ወደ ስመኝ በረረች። "ስመኝዬ፣ ቀና በይ! እናትሽ አልፈታም አሉ፣ ቁልፉ አልከፍትም አለ፣ ውኃው አልወጣም አለ፣ አረፋው አልነሣም አለ፣ ቅቤው አልወርድም አለ፣ ሙጫው አልይዝም አለ፣ ሽፋሽፍቱ አልቆምም አለ።"

"ሽፋሽፍቴ ካልቆመ ቀና አልልም" አለች ስመኝ፣ መሬት መሬት እያየች።

አያችሁ ጉድ? ዞሮ ዞሮ እዚያው! ከዓይን ጫፍ የተነሣ ነገር ቤቱን፣ ጓሮውን፣ እናትየውን አዳርሶ ተመልሶ ዓይን ላይ ገጠመ። እኔ ራሴ ስናገረው ይገርመኛል። በዚህ መሀል የመኪና ጡሩምባ ተሰማ፤ ሙሽራው ደረሰ። እንደ ወጉ ልጃገረዶች በሩን ይዘው እየዘፈኑ አላሳልፍ አሉ። እነሱ ግን እስከ መቼ ይችላሉ?

ወይዘሮ አንጓች ልጃቸውን አዩ። ከዚያ ያልተጠበቀ ነገር ሆነ። በአዲሱ ቀሚሳቸው መሬት ላይ ቁጭ አሉ፤ ራሳቸውን ስመኝ ጉልበት ላይ አድርገው ወደ ላይ አንጋጠጡ።

"አንቺ ቀና ካላልሽ እኔ ዝቅ እላለሁ" አሉ።

ስመኝ ወደ መሬት ስታይ መሬት የለም፤ የእናቷ ፊት ነው። ዓይን ለዓይን ገጠሙ። እናትና ልጅ ዓመት ሙሉ ሳይተያዩ ቆይተው ተያዩ።

"ሐኪም ቤት ቶሎ ስላላደረስኩሽ ተቀየምሽኝ አይደል ልጄ?"

"ኧረ እናቴ! መላጣ ዓይኔን እንዳታዪብኝ ብዬ ነው እንጂ!"

"እኔን! ለዚህ ነው?" አሉ ወይዘሮ አንጓች። ሳቁም፣ አለቀሱም።

ከዚያማ ማን ያቆመዋል! እናት ቁልፉን ፈቱ፣ ቁልፉ በርሜሉን ከፈተ፣ ውኃው ወጣ፣ አረፋው ተነሣ፣ ቅቤው ወረደ፣ ያለምዘውድ አደረቀች፣ ሙጫው ያዘ፣ ሽፋሽፍቱ ቆመ። በር ላይ ያሉት ልጃገረዶች ጉሮሯቸው እስኪዘጋ ቆይተው ነበርና፣ ይበቃል ሲባሉ ዞር አሉ።

ስመኝ ቀና ብላ ወጣች። እናት እልል እንዲሉ ደጅ የሞላው ሰው ሁሉ ወደ ወይዘሮ አንጓች ዞረ። እሳቸው ግን እጃቸውን አነሡ።

"ቆዩ" አሉ፣ "መጀመሪያ ልያት።"