አሥራ ሁለቱ ቃላትና የኋላው ጆንያ

አንድ እህል ነጋዴ ነበር። የመጋዘኑን ጆንያ ሁሉ በጭንቅላቱ ቆጥሮ የሚይዝ፣ አንድም ነገር በጽሑፍ የማያስቀምጥ ሰው ነው። ለዘር ያሰበውን ሰባት ጆንያ ስንዴ ነቀዝ እንዳይበላው በመርዝ ለውሶ ከመጋዘኑ ጀርባ ደረደረው። ምልክት ግን አላደረገበትም። "እኔ እያለሁ ምን ምልክት ያስፈልጋል?" አለ።

በሦስተኛው ቀን ደም ግፊት ጣለው። እጁም፣ እግሩም፣ ምላሱም ታሰሩ። የሚታዘዙለት ሁለት ዓይኖቹ ብቻ ነበሩ።

ወሩ ሳያልቅ የማኅበሩ ተራ እነሱ ቤት ደረሰ። አርባ ሰው ሊበላ ነው። ሚስቱ ወይዘሮ የሻረግ አልጋው ጠርዝ ላይ ተቀምጣ፣ "አይዞህ፣ ድግሱ አይጎድልብህም። ከኋላ ያለውን ስንዴ ሐሙስ እናስፈጫለን" አለችው። ዓይኑ ፈጠጠ፤ እንባው ወረደ።

"አያችሁ፣ በደስታ አለቀሰ!" አሉ ጠያቂዎቹ።

"ኧረ ጠላው እንዳያልቅበት ፈርቶ ነው!" አለ አንዱ ጎረቤት። ሁሉም ሳቁ።

ማክሰኞ ልጁ ስንዱ ዓይን ያረፈበትን ቃል እያነበበ የሚናገር ኮምፒውተር ከከተማ ፈልጋ አመጣች። ቤተሰቡ ተሰብስቦ ቃላት መረጠለት፤ ውሃ፣ አመመኝ፣ ገልብጡኝ፣ በረደኝ፣ እግዚአብሔር ይስጥልኝ እያለ አሥራ ሁለት ሞላ። ነጋዴው አሥራ ሁለቱንም አየ። ደግሞ ከመጀመሪያው ጀመረ። የሚፈልገው የለም። ቢጨንቀው "አመመኝ" ላይ ዓይኑን ተከለ፤ ማስታገሻ ሰጡት። "ውሃ" ላይ ተከለ፤ ውሃ ሲያመጡለት ከንፈሩን ገጠመ።

"ይሄ ዕቃ አይሠራም፤ መልሺው" አለ አጎቷ።

ሐሙስ ጠዋት ጋሪው ሰባቱን ጆንያ ጭኖ ከግቢው ወጣ። ነጋዴው የጋሪውን ድምፅ ሲሰማ ትንፋሹ ተቆራረጠ። ስንዱ ደንግጣ፣ ኮምፒውተሩን ሊገጥም ከከተማ አብሯት መጥቶ እዚያው ሰፈር ወደሰነበተው ባለሙያ ደወለች፤ እየሮጠ መጣ።

"እነዚህን ቃላት ማን መረጣቸው?" አለ።

"እኛ ነና!"

"እናንተ ያላሰባችሁትን ሊናገር ቢፈልግስ?" ብሎ ቃላቱን አጥፍቶ ሠላሳ ሦስቱን የፊደል ረድፍ ከፈተለት።

ነጋዴው ላብ እያጠመቀው ሦስት ፊደል መረጠ። "መርዝ" አለ ኮምፒውተሩ።

"ወይኔ! ማን አበላህ?" ብላ ወይዘሮ የሻረግ ጮኸች።

"እማዬ፣ ዝም በይ! አልጨረሰም" አለች ስንዱ። ሰባት ፊደል ቀረው። አንድ፣ ሁለት፣ ሦስት እያሉ ጠበቁት። "የኋላው ጆንያ።"

ስንዱ ለወፍጮ ቤቱ ደወለች። ባለወፍጮው የመጀመሪያውን ጆንያ አፍ ፈትቶ፣ ሞተሩን ሊያስነሳ እጁን ሰዶ ነበር። "ተወው!" የሚለውን ቃል ሰምቶ እጁን ሰበሰበ።

በማኅበሩ ቀን አርባውም ሰው በልቶ በሰላም ወደ ቤቱ ገባ። ከአርባው አንዱ ያ በጠላው የቀለደው ጎረቤት ነበር።

ወዳጆቼ፣ አፉ ለተያዘ ሰው መናገሪያ መፈለግ መልካም ነው። ግን ፊደሉን ስጡት እንጂ ቃሉን አትምረጡለት። አሥራ ሁለት ቃል የሰጠ ሰው የሚሰማው የራሱን አሥራ ሁለት ግምት ነው። ያ ቤት በአሥር ፊደል ተረፈ። እስቲ ቁጠሩ፤ በእናንተ ቤት ሳትጠይቁት የምትናገሩለት ስንት ሰው አለ?