ለሽምግልና የታጠበው ሞተር

ከአብዛኛው ተረትና ምሳሌ ጀርባ አንድ ያፈረ ሰው አለ። የሰውየው ስም ይረሳል እንጂ እፍረቱ በሰው አፍ ሲዞር ይኖራል። አሁን የምናወራለት አባባል መኪና አገራችን ከመግባቱ በፊት ጀምሮ ሲነገር የኖረ ነው፤ በደብረ ብርሃን በአንድ ሰፈር ግን ይህን አባባል የሰማ ሁሉ ትዝ የሚለው መምህር ምንተስኖት ነው።

ምንተስኖት የጂኦግራፊ መምህር ነው። ትርሲት የምትባል ልጅ ወዶ፣ ተስማምተው፣ ሦስት ሽማግሌዎች ወደ አባቷ ሊልክ ቀን ቆርጧል። አባቷ አቶ ድልነሳው ዕድሜያቸውን በአሰብ መንገድ የጨረሱ የከባድ መኪና ሹፌር ናቸው። ምንተስኖትን በዓይናቸው አይተውት አያውቁም። ትርሲት ስለ አባቷ ስታወራ ግን አንድ ነገር ነግራው ነበር፤ እንግዳ በመኪና ከመጣ ኮፈኑን አስከፍተው ሞተሩን ሳያዩ አይሸኙም። «የሰው ቤት በጓዳው፣ መኪና በሞተሩ ይታወቃል» ይላሉ አሉ። መቼም ያፈቀረ ሰው ጆሮው ሌላ ነው፤ እሷ ለሳቅ ያወራችውን እሱ እንደ ፈተና ጥያቄ ይዞት ሄደ።

ሽማግሌዎቹ እሑድ ጧት ሊሄዱ፣ ቅዳሜ አመሻሽ ላይ አሮጌ ዲኤክስ መኪናውን ላቫጆ ወሰዳት። አጣቢው ደምስ ውጪዋን አጥቦ ሲጨርስ ምንተስኖት ኮፈኑን ከፈተለት።

«ይኼንንም እጠበው። በግፊቱ ውሃ።»

«መምህር፣ ይቅርብህ» አለ ደምስ። «ሽቦው ያረጀ ነው። በእርጥብ ጨርቅ ልወልውልህ።»

«ጨርቅ ጥጋጥጉ ውስጥ አይገባም።»

«እንግዲያው እሳት የሚያከፋፍለውን ዲስትሪቡተርና ባትሪውን በላስቲክ ልሸፍናቸው።»

«የሸፈንከው ቦታ ቆሻሻ ሆኖ ሊቀር ነው? እጠበው ስልህ።»

ደምስ ትከሻውን ሰብቆ አጠበው። እውነት ለመናገር ሞተሩ አማረ። መኪናዋ ለመነሳት አንዴ ሁለቴ አስነጠሳት፤ ምንተስኖት ግን ብርዱ ነው ብሎ አለፈው። የደብረ ብርሃን ብርድ ደግሞ እንኳን ሽቦ ውስጥ የገባ ውሃ፣ ገመድ ላይ የተሰጣ ነጠላም በአንድ ሌሊት አያደርቅም።

ሽማግሌ የላከ ሰው በዚያ ዕለት ከልጅቷ ደጅ ድርሽ አይልም፤ ነውር ነው። ምንተስኖት ይህን አሳምሮ ያውቃል። ይሁንና ከሽማግሌዎቹ አንዱ የሆኑትን መሪጌታ ጽጌን ጉልበታቸው አያስኬዳቸውም፤ መኪናዋንም ከእሱ በቀር የሚያውቅባት የለም። ስለዚህ የአጎቱን ካፖርት ደርቦ፣ ኮፍያውን እስከ ቅንድቡ ስቦ ራሱ ነዳ። ሽማግሌዎቹን ከበሩ ካወረደ በኋላ መኪናዋን ከአጥሩ ጥግ አቁሞ መቀመጫው ላይ ሸርተት አለ።

ሽማግሌዎቹ እቤት ገብተው እንደ ወጉ «የመጣንበትን ሳንናገር አንቀመጥም» ብለው ቆሙ። መሪጌታ ጉሮሯቸውን ጠርገው «አቶ ድልነሳው፣ ልጅዎን ለልጃችን...» ሲሉ ክላክሱ ጮኸ። ጮኸና አላቆመም። መሪጌታ ድምፃቸውን ከፍ አድርገው ከሀ ጀመሩ፤ ክላክሱ በለጣቸው።

«አባቶቼ፣ ይኼ ነገር ካላቆመ የምትሉትን አልሰማም» ብለው አቶ ድልነሳው ወጡ። ሽማግሌዎቹም ተከተሏቸው።

ምንተስኖት ክላክሱን በእጁ አልነካም። ዝም ብሎ በተቀመጠበት ነው መኪናዋ የጮኸችው። ሲደርሱበት ኮፈኑን ከፍቶ ያገኘውን ሽቦ ሁሉ ይጎትታል፤ ከቅዳሴ የሚመለሰው ጎረቤት ደግሞ መንገዱን ሞልቶ ቆሟል። አቶ ድልነሳው ገለል አደረጉትና ከኪሳቸው አሥር ቁጥር ቁልፍ አውጥተው የባትሪውን ገመድ ፈቱ። ጩኸቱ ቆመ።

«ሹፌሩ አንተ ነህ?»

እውነቱን መናገር የነበረበት እዚህ ላይ ነበር። ነገር ግን ፍርሃት ቀደመው።

«አዎ ጌታዬ። ሹፌራቸው ነኝ።»

መሪጌታ ጽጌ ይህን ሲሰሙ አንገታቸውን ደፉ። አቶ ድልነሳው የዲስትሪቡተሩን ክዳን አውልቀው ዘቀዘቁት፤ ውሃ ጠብ ጠብ አለ።

«ይኼን በግፊት ውሃ ያስመታው ማነው?»

«ባለቤቱ ነው... ሽማግሌ የላከው ሰውዬ።»

«እንግዲያው ለጌታህ ንገረው። እኔ ሞተር የማየው ሰውየው ዘይቱንና ቀበቶውን ይከታተል እንደሆነ ላውቅ ነው እንጂ፣ እንደ ሳህን እንዲያብለጨልጭ አይደለም። ይኼ ሰው ለእኔ ዓይን ብሎ የምትሄድ መኪና አቆመ። ነገ ደግሞ ለሰው ዓይን ብሎ ልጄን ምን እንደሚያደርጋት አላውቅም።» ከዚያ ወደ ግቢው ዞረው «ትርሲት፣ ደረቅ ጨርቅ ለሹፌሩ ስጪው» አሉ።

ትርሲት በመስኮት ሁሉንም ሰምታለች። ጨርቁን ይዛ ወጣች፤ ፊቱን ሳታይ እጇን ዘረጋች።

«እንካ ሹፌር» አለችው።

ምንተስኖት በሕይወቱ ብዙ ጊዜ አፍሯል፤ ያን ያህል ግን አፍሮ አያውቅም። ስድብ ብትሰድበው ይሻለው ነበር። ራሱን የካደው በሷ ደጅ፣ በሷ ፊት መሆኑ አሁን ገና ገባው። ጨርቁን ሳይቀበል ኮፍያውን አወለቀ።

«ጌታዬ፣ ሹፌር አይደለሁም» አለ። «ምንተስኖት እኔ ነኝ። ሽማግሌ የላክሁት እኔ ነኝ፤ ሞተሩን ያሳጠብኩትም እኔ ነኝ። አሁን የዋሸሁዎትም እኔው ነኝ።»

አቶ ድልነሳው ጨርቁን ከልጃቸው ተቀብለው የራሳቸውን እጅ ጠረጉና ወደ ሽማግሌዎቹ ዞሩ።

«አባቶቼ፣ እኔ ዛሬ የሰማሁት ክላክስ ብቻ ነው። የመጣችሁበትን ነገር ገና አልሰማሁም። የዛሬ አሥራ አምስት ቀን ተመለሱና ንገሩኝ። ሰውየው ግን እቤቱ ይቀመጥ።»

እሺም እምቢም አላሉም። ትርሲት ወደ ኋላዋ ሳትመለከት ገባች፤ በሩም ተዘጋ።

ባትሪው ተፈትቶ፣ ዲስትሪቡተሩም ርሶ መኪናዋ የምትነሳ አልሆነችም። መሪጌታ ጽጌ በጉልበታቸው ምክንያት ከፊት ወንበር ተቀመጡ፤ ሁለቱ ሽማግሌዎች ጋቢያቸውን ወደ ላይ ሰብስበው ከኋላ ይገፋሉ። ምንተስኖት በተከፈተው በር መሪውን ይዞ፣ ባዶ ራሱን፣ በዚያ ሁሉ ሰው መካከል እየገፋ ሄደ። ኮፍያውን መልሶ ማጥለቅ እንኳ አፍሮ በኪሱ ከቶታል። ሰላም የሚሉትን አቀርቅሮ ያልፋቸዋል። መንገዱ ላይ ካለ ጭቃ ሲደርሱ ከቅዳሴ የምትመለስ አንዲት ጎረቤት ደንግጣ «መሪጌታ፣ ምን ገጠማችሁ?» ብላ ጠየቀች።

መሪጌታ ጽጌ በላብ የተጠመቀውን ምንተስኖትን አዩት፤ ከዚያ አንገታቸውን በመስኮቱ ብቅ አድርገው «ምን ይገጥመናል ልጄ፣ ሲያጌጡ ይመላለጡ ነው» አሏት።