አያ በግ የሰበረው ቅል

ተረት ላምጣ? ዝም ካላችሁ አመጣለሁ።

ዱሮ፣ እንስሳ ሲናገር፣ ደጋ ላይ ውስጡ በድንጋይ የተገነባ አንድ ጥልቅ የውሃ ጉድጓድ ነበር። የውሃ ተራ የሚያስይዝ የውሃ አባት በየዓመቱ ይመረጣል። አደይ ሲፈካ ክረምቱን እዚያ የከረመ ሁሉ በውሃ መቅጃው ቅል ውስጥ ጠጠር ይጥላል። በግን የመረጠ ነጭ፣ ፍየልን የመረጠ ጥቁር። ሁልጊዜ የሚመረጠው አያ በግ ነው።

አንድ ዓመት ቆላው ደረቀ። ፍየሎች ዳገቱን ወጡ።

«አያ በግ፣ ውሃ ስጠን» አለች እመት ፍየል።

«ከሁሉ ኋላ» አላት። ለፍየሎቹ የተረፋቸው ጭቃ ነው። እሱን ጠጡ።

አደይ ፈካ። ነጭ በዛ።

«አያ በግ፣ ዘንድሮ ጥቁርም አለብኝ» አለ ቅሉ።

«እንግዳ ነው፤ ይሄዳል።»

በሁለተኛው ዓመት ቆላ ዘነበ። ፍየሎቹ ግን ደጋ ወልደው ነበርና አልሄዱም። የሄዱት ሌሎች ናቸው። የአያ በግ ልጆች፣ ጠቦቶቹ፣ መጥተው፣ «አባባ፣ ሣር አነሰን። ከላይኛው መስክ አካፍሉን» አሉ።

«መስኩ የእኔ ነው። ከጠበባችሁ መንገዱ ያውና» አላቸው።

ጠቦቶቹ ወደ ቆላ ወረዱ።

አደይ ፈካ። ነጭ በጥቂት በለጠ።

«አያ በግ፣ ነጩ እየሳሳ ነው» አለ ቅሉ።

«ቅል ምን ያውቃል?»

በሦስተኛው ዓመት አደይ ፈካ። ቅሉ ተገለበጠ። ጥቁር በዛ። እመት ፍየል የውሃ አባት ሆነች።

«ሌባ ቅል» አለ አያ በግ።

ቅሉ መረረው። «እኔ ጠጠር አልወልድም። የጣሉብኝን ነው የያዝኩት። ለፍየል ጭቃ ያጠጣህ አንተ፤ ልጆችህን ያስወረድህ አንተ። ስንቴ ልንገርህ? ውረድና ቆላን እይ፤ እዚያ ዘንድሮ በልጆችህ ጠጠር የተመረጠው በግ ነው።»

አያ በግ በቀንዱ መታው። ቅሉ ለሁለት ተፈለጠ። ጠጠሩ መሬት ላይ ፈሰሰ። አሁንም ጥቁሩ ብዙ ነው።

ፀሐይ በረታች። አያ በግ ጠማው። አጎንብሶ ጉድጓዱን አየ። ውሃው ሩቅ፣ መቅጃው ስባሪ። ፍየሎቹ ግንቡን እየረገጡ ወርደው ጠጡ፤ ገደል ለፍየል ምኗ ነው? እሱ ዳሩ ላይ ቆሞ ቀረ።

«ወርዶ የሚያመጣልኝ ልጅ እንኳ የለኝ» አለ።

እመት ፍየል ጢሟን እያራገፈች ወጣች።

«ምነው፣ ቆላ ሞልተውልህ የለ? መንገዱ ያውና።»

ቅል ቢሰብሩ ጠጠር አይቀንስም። እኔ ይህን ብዬ ደከመኝ፤ በሉ ውሃ አቀብሉኝ፣ ያልተሰበረ ቅል ካላችሁ።