የጎረቤት አግዳሚ

ስሟ ተረስቶ መስጂዷ ብቻ በቀረላት አንዲት ጥንታዊ ከተማ፣ ሐጂ ቡሽራ የሚባሉ አዛውንት ነበሩ። በመስጂድ የዲን ትምህርት፣ ደርስ የሚሰጡ፣ የተጣላ የሚያስታርቁ ሰው ናቸው። ያረጀ ቤታቸውን አፍርሰው አዲስ ሊሠሩ አሰቡና ረመዷን ሳይገባ እንዲያደርስላቸው ከግንበኛው ከይመር ጋር ተዋዋሉ።

በዚያች ከተማ ቤቶቹ ተደጋግፈው ነው የሚቆሙት። የአንዱ ጣሪያ አግዳሚ እንጨት የጎረቤቱ ግድግዳ ላይ ያርፋል። ስለዚህ ቤቱን የሚያፈርስ ሰው አስቀድሞ የጎረቤቱን ደጅ አንኳኩቶ፣ "ግድግዳዬ ላይ ያሳረፍከው አለ?" ብሎ ይጠይቃል። ይህ ሳይሆን ዶማ አይነሣም።

ይመር ከምሥራቁ ግድግዳ ሲደርስ እጁን ገታ። ከወዲያ የሚኖረው አረቡ የሚባል ሸማኔ ነው።

"ሐጂ፣ አረቡን ጠይቀውታል?"

የሐጂ ፊት ጠቆረ። በጓሮ ፍሳሽ ተጣልተው ሰላምታ ካቆሙ ስድስት ወር ሆኗቸዋል።

"እሱ ደጅ አልቆምም። ግድግዳው የኔ ነው፤ አፍርስ።"

"እሺ፣ እኔ ልሂድና ልጠይቀው?"

"ከኔ ቤት መልእክተኛ አይሄድለትም አልኩህ!"

ይመር ልቡ ፈራ። ግን ከሐጂ በላይ ሐቅን የሚያውቅ ማን አለና? ራሱን በዚህ አሳመነና ዶማውን አነሣ።

ከቀትሩ የዙህር ሶላት በፊት ግድግዳው ተናደ፤ የአረቡ ጣሪያም ተከትሎት ወረደ። አረቡን ከሽመና ጉድጓዱ ሲያወጡት መወርወሪያው ከእጁ አልወጣም ነበር። ነፍሱ ግን ወጥታለች።

ለቀብር የወጣው ሕዝብ ይመርን በዓይኑ ሊበላው ደረሰ። "ሳይጠይቅ አፈረሰ!" እያሉ ቃዲው ፊት አቆሙት። ይመር የሐጂን ስም አላነሣም። የአንድ ግንበኛ ቃል ከሐጂ ቡሽራ ቃል ጋር ተመዝኖ የት ሊደርስ? ደግሞስ ዶማው የነበረው በማን እጅ ነው? ቃዲው ሊፈርዱበት ሲሉ ሐጂ ከተቀመጡበት ተነሡ።

"ጠይቆኛል። ልሂድ ቢለኝም ከለከልኩት። ወላሂ፣ የአረቡ ደም እኔ ላይ ነው።"

ከሁለቱ በቀር የሰማ ሰው አልነበረም። ዝም ቢሉ ኖሮ ነገሩ እንደዚያው ያልፍ ነበር።

ሐጂ በስህተት ነፍስ ላጠፋ ሰው እንደተደነገገው ሁለት ወር አከታትለው ጾሙ፤ ለራሳቸው ቤት ባስፈለጡት ድንጋይም የአረቡን ቤት በይመር እጅ አሠሩ። በአረቡ ሚስት በዚነት ደጅ ቆመው፣ "ይቅር በይኝ፣ አውፍ በይኝ" ሲሏት፣ "አልረግምዎትም ሐጂ፤ አውፍ ግን ከአፌ አልወጣ አለኝ" አለቻቸው። አልተቀየሟትም። እስከ ዕለተ ሞታቸው በየጁምዓው ያ ደጅ ላይ ይቆሙ ነበር፤ ቃሉንም ሳይሰሙ ሞቱ።

ይመር አንድ ቀን፣ "ግድግዳውን የናድኩት እኮ እኔ ነኝ" ብሎ ቢያለቅስ ሐጂ እንዲህ አሉት፦

"ልጄ፣ ያ ግድግዳ የፈረሰው እኔ ሰላምታ የነፈግኩት ዕለት ነው። አንተ ድንጋዩን ብቻ ነው ያነሣኸው።"

ወገኖቼ፣ ሙስሊም ወንድሙን ከሦስት ቀን በላይ እንዳያኮርፍ ታዘናል። ሐጂ ራሳቸው ይህን ስንቴ አስተምረውት ይሆን! ማወቃቸው አረቡን አላዳነውም። እውነቱን መናገራቸውም የሞተ አላስነሣም፤ ንጹሑን ሰው ግን ከፍርድ አወጣው። ሊያተርፉት የቀራቸው ሌላ ነገር አልነበረም። ቤትህን ልታፈርስ ግንበኛ የምትፈልግ ወንድሜ ሆይ፣ ከግንበኛው በፊት ያኮረፍከውን ጎረቤትህን ፈልገው። ጣሪያው አንተ ላይ አርፎ ይሆናል።