ጉሬዛና ቁራ የተቆራኙ ዕለት

ጆሯችሁን ስጡኝ፣ እኔም ተረት ልስጣችሁ። አውሬና ወፍ እንደ ሰው በሚያወሩበት፣ ደግሞም እንደ ሰው በሚተማሙበት ዘመን ነው።

ያኔ ቁራ የጫካው ወሬ አምጪ ነበር። በገበያ ቀን ዋርካው ላይ ያርፍና ያየ የሰማውን ያወራል። እንስሳቱ ግን አያምኑትም። "የቁራ መልእክተኛ! ኖኅ ልኮህ የቀረኸው!" ይሉታል። እሱ እኮ አይደለም፣ ቅድመ አያቱ ነው! ቢሆንም ያንገበግበዋል።

አንድ ቀን ዳኛው ዝሆን አስጠራው።

"ስማ ቁራ፣ ዝነኛው ዘላይ ጉሬዛ ወንዙ ዳር ወደቀ ይባላል። ከዚያ ወዲህ ሲዘል ያየው የለም። እውነቱን ከራሱ አፍ ካላሰማኸን ዋርካውን ለበቀቀን እንሰጠዋለን።"

ቁራ እየበረረ ሄደ። ጉሬዛ ካባ የመሰለ ነጭ ጠጉሩን እያበጠረ ተቀበለው። ቁራ በገበያ ቀን በሁሉ ፊት ልጠይቅህ ሲለውም እንዲህ አለ፦

"እጠየቃለሁ። ስለ መውደቄ ግን አታነሳም።"

"እሺ፣ አያ ጉሬዛ።"

"ጥያቄውንም የምሰጥህ እኔ ነኝ።"

"እሺ፣ አያ ጉሬዛ።"

"ካልጣመኝ ደግሞ ጥዬህ እሄዳለሁ።"

"ይቺን እንኳ እሺ አልልም!" አለ ቁራ፣ ዋርካው ትዝ ብሎት። "እንደ አባቶቻችን ሙግት እንቆራኝ። ጠያቂና ተጠያቂ ከታሰሩ፣ ነገሩ ሳያልቅ ማንም አይሄድም።"

ጉሬዛ የትልልቆች ወግ ነውና ደስ አለው። "ያምርብኛል!" አለ።

በገበያው ቀን ሁሉም ወንዙ ዳር ተሰበሰበ። ጦጣ የጉሬዛን ካባ ጫፍ ከቁራ እግር ጋር ጥብቅ አድርጋ አሰረች። ቁራም ጀመረ።

"እንዴት እንዲህ አማርክ?"

"ተፈጥሮዬ ነው!"

"ከዘላይ ሁሉ ማን ይበልጣል?"

"እኔ ነኛ!"

"ካንተ ቀጥሎስ?"

"ማንም!"

በቀቀን ከላይ ሆኖ "ማንም! ማንም!" እያለ ይደግማል። ጅብ አዛጋ። ሚዳቋ ሣሯን ልትግጥ ሄደች። ቁራ "አለቀልኝ" አለ በልቡ። ጥያቄው ምላሱ ላይ ነበር፣ ግን ፈራ።

ይሄኔ እመት ኤሊ አንገቷን አወጣች።

"ልጄ፣ ያን ቀን ስትወድቅ ተጎዳህ ወይ?"

ጉሬዛ ደሙ ፈላ። መታሰሩን ረስቶ ወዲያ ዘለለ። ቁራ ደንግጦ ወዲህ በረረ። ካባው ተወጠረና... ጧ! ሁለቱም ጭቃው ውስጥ ተዘረሩ። ሳቁ ጫካውን ሞላው። ቁራ ከነጭቃው ተሳቀበት፣ ወድቆ መሳቂያ መሆን እንዴት እንደሚያም ያን ቀን አወቀ።

ቀስ ብሎ ወደ ጉሬዛ ዞረ። "ቃሌን ላፈርስ ነው፣ አያ ጉሬዛ። ያን ቀንም እንዲህ ነበር?"

ጉሬዛ ቁራን አየው። ከጭቃው መሃል ዓይኑ ብቻ ይቁለጨለጫል። ሳቁ አመለጠው።

"እንዲህ ነበር እንጂ! ወገቤን ነው ያመኝ። ቅርንጫፉን ማየት ትቼ ተመልካቹን ሳይ ወደቅኩ። እንዳይሳቅብኝ ብዬ መዝለሉን ተውኩት።"

"አሁን ተሳቀብህ፣ ምን ሆንክ?" አለች ኤሊ።

"ምንም አልሆንኩም!" አለና እስሩ እንደተፈታ ወንዙን ዘሎ ተሻገረ። ሚዳቋ እንኳ ሮጣ ተመለሰች። እልልታው ቀለጠ። በቀቀን "ወገቤን! ወገቤን!" ሲል ዋለ። ዋርካውም ለቁራ ጸና።

ለዚህ ነው፣

ጠያቂ ቢፈራ፣
ተጠያቂ ቢኮራ፣
እውነቱን ጭቃው አወራ የሚባለው።