የሚጠቀለለው ምሰሶ

አንዲት ምላሰኛ ባለሙያ ነበረች። ከካርቦን ክርና ከሙጫ፣ የትንሽ ሳተላይት አንቴና የሚሸከም ምሰሶ ሠራች፤ ተጠቅልሎ ይጫናል፣ ጠፈር ሲደርስ ተዘርግቶ ቀጥ ይላል።

ሚኒስትሩ ሊጎበኙ በመጡ ጊዜ አለቃዋ አቶ መንበሩ ግንባራቸው ጉልበታቸውን እስኪነካ ጎንበስ ብለው እጅ ነሱ። ሚኒስትሩ ወጣ እንዳሉ ግን ደረታቸውን ነፍተው ጮኹባት።

«ሰሌን ሠርተሽ ምሰሶ ትይኛለሽ? የተጠቀለለ ነገር ተመልሶ ቀጥ ሲል የት ታይቷል? ከዚህ ሌላ አንድ ምስክር አምጪ፤ ካጣሽ ሥራውም ይቅር፣ አንቺም ውጪ!»

እሷም ምሰሶዋን ቀስ ብላ እየጠቀለለች «ጋሼ፣ ምን ሩቅ ያስኬደኛል?» አለች። «ሚኒስትሩ ሲገቡ እርስዎ ከዚህ የባሰ ተጠቅልለው ነበር፤ መኪናቸው ገና ከግቢ ሳይወጣ ይኸው ቀጥ ብለው ቆመዋል!»