ሞጆ ላይ መውረድ

የከተማው ቅርጫት ኳስ ክለብ ሰባት ዓመት ሙሉ ሩብ ፍጻሜ እየደረሰ ይሸነፋል። በደጋፊዎች ስብሰባ ላይ አንድ ጎሚስታ፣ «አንጋፋዎቹን ሸኝተን በታዳጊዎች እንጀምር» ብሎ ሲያጉረመርም ፕሬዚዳንቱ አቶ ወንድይፍራው ሰሙት።

«ተነስ!» አሉ ማይኩን ደግነውበት። «ታዳጊዎቹ እስኪበስሉ ሦስት ዓመት መሸነፋችን ነው። ክለብህ እንዲሸነፍ ትፈልጋለህ? አዎ ወይም አይ በል!»

አዎ ቢል ከሃዲ፣ አይ ቢል ውሸታም ሊሆን ነው። ጎሚስታው ጉሮሮውን ጠረገ።

«ክቡር ፕሬዚዳንት፣ አምና ሐዋሳ ሊሄዱ ሲነሱ፣ ስምንት ቦታ የተለጠፈ ጎማዎን ‹ደግመህ ለጥፍልኝ› አሉኝ። ‹ሞጆን አያልፍም› ስልዎ አስወለቁት፤ አዲሱ እስኪመጣም ጉዞውን አቆይተው ሳምንት ሙሉ እዚሁ ከተማ በእግርዎ ሄዱ። እኛም ሦስት ዓመት በእግራችን እንሄዳለን፤ ብቻ በየዓመቱ ሞጆ ላይ አያውርዱን።»